በባለ ሁለት ጎማ ቤት ሰባት ሌሊት

«ካራቫን» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ምናልባት በዓይነ ሕሊናችሁ የሚመጣው በቅሎና ግመል ጭኖ ከገበያ ወደ ገበያ የሚጓዘው የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ይሆናል። ዛሬ የማወጋችሁ ካራቫን ግን ከመኪና ኋላ ተቀጥላ የምትጎተት፣ በሁለት ጎማ የምትሄድ ትንሽ ቤት ናት። ውስጧ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ጠባብ መጸዳጃ አላት። እኛ በምንኖርበት በእንግሊዝ አገር ብዙ ቤተሰብ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይህችን ቤት እየጎተተ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ተራራ ይወጣል። ከሆቴል ይልቅ ወጪው ይቀላል፤ ልጆችም ሜዳ ላይ እንደ ልባቸው ይሮጣሉ። እኛም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 መጨረሻ ከጉባኤያችን አንድ ቤተሰብ ካራቫናቸውን አውሰውን ሦስት ልጆቻችንን ይዘን ወጣን። ትልቋ 8 ዓመቷ፣ ተከታዩ 5፣ የመጨረሻው ገና 2 ዓመት ተኩሉ ነበር።

ይህን የምጽፈው ጉዞው ያማረ እንደ ነበር ልነግራችሁ ብቻ አይደለም። ያማረ ነበር። ነገር ግን በዚያ ጉዞ ሁለቱን ልጆቻችንን ለማጣት ጥቂት ቀርቶን ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከጥፋቱ ኋላ ደግሞ የእኔና የባለቤቴ ኩርፊያ ነበረ። ስለዚህ ደስ ያለኝንም የሚያሳፍረኝንም ሳልደብቅ ላካፍላችሁ።

«አባዬ የእኛም ፓስተር ነው?»

የአገልጋይ ቤት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስልኩ አያርፍም፤ በሩም አይዘጋም። አንድ ማታ ባለቤቴ እራት ሳይበላ የታመመ ሰው ሊጠይቅ ሲወጣ ትልቋ ልጃችን፣ «እማዬ፣ አባዬ የእኛም ፓስተር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። ለባለቤቴ ስነግረው እሱም ዝም አለ፤ በማግስቱ ግን ከሽማግሌዎች የአንድ ሳምንት ፈቃድ ጠየቀ።

ወዴት እንሂድ ስንባባል ኬዝዊክን መረጥን። ኬዝዊክ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሌክ ዲስትሪክት በሚባለው የተራራና የሐይቅ አገር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ወንጌላውያን ክርስቲያኖች የሚያውቋት እ.ኤ.አ. በ1875 በተጀመረው የበጋ ጉባኤዋ ነው። ጉባኤውን የጀመሩት በከተማዋ የሚያገለግሉት ቄስ ቶማስ ሃርፎርድ ባተርስቢና ወዳጃቸው ሮበርት ዊልሰን ናቸው። መሪ ቃሉ የተወሰደው ከገላትያ 3፥28 ሲሆን፣ ከየትኛውም ቤተ እምነት የመጡ አማኞች በክርስቶስ አንድ መሆናቸውን ይናገራል። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ስለዚህ ጉባኤ ተምሬ ስለነበር አንድ ቀን ማየት እመኝ ነበር። ለልጆችም በየዕድሜያቸው ፕሮግራም አለው። ብዙ ቤተሰቦች ድንኳን ወይም ካራቫን ይዘው ይመጣሉ።

የጤፍ ዱቄቱና የተወዛወዘችው ቤት

ካራቫን መጎተት የራሱ ሥርዓት አለው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2021 ወዲህ ተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ያለ ተጨማሪ ፈተና ተጎታች እንዲጎትት ተፈቅዷል። ፍጥነቱ ግን በአውራ ጎዳና ላይ በሰዓት ከ60 ማይል፣ ማለትም ከ97 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በተራው መንገድ ደግሞ ከ50 ማይል ማለፍ የለበትም። ሦስት መስመር ባለው አውራ ጎዳናም የመጨረሻው የቀኝ መስመር ለተጎታች የተከለከለ ነው። መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ካራቫኗ ውስጥ ማንም ሰው መቀመጥ አይፈቀድለትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጭነቱ ነው። ከባድ ዕቃ ወለሉ ላይ፣ ከጎማዎቹ በላይ ባለው መካከለኛ ቦታ መቀመጥ አለበት። ባለቤቴ ይህን አንብቦ ዕቃውን በጥንቃቄ ደለደለ። እኔ ደግሞ እሱ ሳያየኝ 20 ኪሎ የጤፍ ዱቄት፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱንና የሽሮውን ባልዲ ከኋላ ባለው ቁም ሣጥን አስገባሁ። ሳምንት ሙሉ ልጆቼን ዳቦ ላበላ ነው እንዴ ብዬ!

ኤም 6 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ቁልቁለት ስንጀምር ካራቫኗ እንደ እባብ ግራና ቀኝ ትወዛወዝ ጀመር። መኪናችንንም ይዛ ትጎትተው ነበር። ባለቤቴ ፍሬን አልረገጠም፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አነሣ። ቀስ በቀስ ረጋች። የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ቆመን የኋላውን ቁም ሣጥን ሲከፍት ምጣዱን አገኘ። ልጆቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ምጣዱም ቢሆን አልጠቀመን። በካምፕ ሜዳው ለአንድ ካራቫን የሚሰጠው ኤሌክትሪክ 10 አምፔር ብቻ ነበር፤ የእኛ ምጣድ ሲሰካ ደግሞ መብራቱ ድርግም ይላል።

ከለንደን እስከ ኬዝዊክ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በተራ መኪና 6 ሰዓት ገደማ የሚፈጀው መንገድ እኛን 12 ሰዓት ፈጀብን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተነሥተን ከምሽቱ 3 ሰዓት ደረስን። በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ሽንት፣ ውኃ፣ ለቅሶ አለ። ሻፕ የሚባለውን ዳገት ስንወጣ ትንሹ አስመለሰውና መቀመጫው ሁሉ ተበላሸ። ከዳገቱ በፊት ግን ቴቤይ የሚባል ማረፊያ ላይ ኩሬ አገኘን፤ ኩሬው ውስጥ ዳክዬዎች ነበሩ። ሃያ ደቂቃ ልንቆይ አስበን አንድ ሰዓት ቆየን። የ5 ዓመቱ ልጃችን ስለ ጉዞው ሲያወራ የሚጀምረው ከተራራው ወይም ከጉባኤው አይደለም፤ ከዳክዬዎቹ ነው። በዘዳግም 6፥7 ወላጆች ልጆቻቸውን በቤት ብቻ ሳይሆን በመንገድም እየሄዱ እንዲያስተምሩ ታዝዘዋል። እኔ ይህን ቃል ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የልጅ መንገድ ግን በኩሬ በኩል እንደሚያልፍ የገባኝ ያን ቀን ነው።

«ወደ ግራ!» «የማን ግራ?»

ስንደርስ ዝናብ ይዘንባል። የበጋ ምሽት ስለሆነ ገና አልጨለመም፤ ሰዉ ሁሉ በየመስኮቱ ያየናል። ካራቫኗን ወደ ኋላ እየገፉ ወደ ቦታዋ ማስገባት አለ። ተጎታች ወደ ኋላ ሲገባ ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ የካራቫኗ ኋላ ወደ ግራ እንዲሄድ መሪው ወደ ቀኝ መዞር አለበት። እኔ ከኋላ ቆሜ «ወደ ግራ!» እላለሁ። እሱ «የማን ግራ? የእኔ ወይስ የካራቫኗ?» ይላል። ልጆቹ መኪና ውስጥ ያለቅሳሉ። በአራተኛው ሙከራ መስኮቱን ከፍቶ «አንቺ ዝም ብትዪ ይሻላል» አለኝ። እኔም ከጠዋት ጀምሮ በልቤ የያዝኩትን አወጣሁት። «ለምእመናን ያለህ ትዕግሥት እኛ ዘንድ ሲደርስ የት ይሄዳል?» አልኩት።

ወዲያው አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ከነባለቤታቸው የዝናብ ልብስ ለብሰው መጡ። «እኛ 40 ዓመት ካራቫን ጎትተናል፤ ዛሬም በዚህች ሰዓት እንጣላለን» ብለው ሳቁ። ከኋላ የሚመራው ሰው ነጂው በመስታወት ሊያየው በሚችልበት ቦታ መቆም እንዳለበት አሳዩን። በአፍ ሳይሆን አስቀድመን በተስማማንበት የእጅ ምልክት እንድንነጋገርም ነገሩን። ካራቫኗ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቦታዋን ያዘች። እኔና ባለቤቴ ግን መነጋገር አቆምን።

ቤት ውስጥ ሲኮራረፉ ጓዳ አለ፣ ሳሎን አለ፣ ሥራ መሄድ አለ። ካራቫን ውስጥ ግን አንዱ ሲቆም ሌላው መቀመጥ አለበት፤ ትከሻ ለትከሻ እየተነካኩ መኮራረፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል። እሑድ ጉባኤው ላይ አብረን ዘመርን፤ ከሰው ጋርም በፈገግታ ተጨባበጥን። እርስ በርስ ግን «ጨው አቀብለኝ» ከማለት ያለፈ አልተነጋገርንም።

ሽታ የሌለው ጭስ

ሰኞ ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ልብስ አይደርቅም፤ እንጀራው ሻግቷል፤ ልጆቹ ይነጫነጫሉ። ካራቫኗ በር ላይ በረንዳ የሚመስል የሸራ ክፍል ወጥረን ነበር። እኔ ደግሞ ቡና ያለ ከሰል አይጥመኝምና ማንደጃና አንድ ከረጢት ከሰል ከለንደን ይዤ ነበር። ወደ ማታ ባለቤቴ ትልቋን ልጅ ይዞ ውኃ ሊቀዳ ሄደ። ውኃው 40 ሊትር በሚይዝ በርሜል መሬት ለመሬት እየተንከባለለ የሚመጣ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። እኔ ከሰሉን ውጪ አቀጣጠልኩ። ፍም ሲሆንልኝ ወደ ሸራው ክፍል አስገባሁትና ነፋስ እንዳይገባ ዚፑን ዘጋሁ። ሙቀቱ ለልጆቹም እንዲደርስ የካራቫኗን በር ከፈት አደረግሁ። አገር ቤት በክረምት ብርድ ስንት እናት የምታደርገውን ነው ያደረግሁት።

ጀበናው ሳይፈላ የ5 ዓመቱ ልጄ «እማዬ፣ ራሴን አሞኛል» አለኝ። ርቦት ነው አልኩ። ትንሹ ተኝቷል። እኔም ጉልበቴ ዛል ሲልብኝ ድካም መሰለኝ። ከዚያ ካራቫኗ ግድግዳ ላይ ያለው የማስጠንቀቂያ ደወል መጮህ ጀመረ። ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? ትንሹ እንዳይነቃ ብዬ ባትሪውን ላወጣ እጄን ዘረጋሁ። በዚያች ቅጽበት ባለቤቴ በርሜሉን ጥሎ እየሮጠ ደረሰ። ሸራውን በርግዶ ሁለቱን ልጆች በሁለት ክንዱ አቅፎ ወደ ዝናቡ ወጣ። «ውጪ! ውጪ!» እያለ ይጮህ ነበር።

999 ደወልን። የአምቡላንስ ሠራተኞች መጥተው ለልጆቹም ለእኔም ኦክስጅን ሰጡን፤ ሆስፒታል ወስደውም ደማችንን መረመሩ። እኩለ ሌሊት አልፎ ሁላችንም በሰላም ተመለስን። እግዚአብሔር ይመስገን! ትንሹ ልጄ በዚያ እንቅልፉ ላይ ጥቂት ቢቆይ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም ሳስበው ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

እናቶች ሆይ፣ እባካችሁ ይህን ልብ በሉ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ስለሆነ ሰው ጉንፋን ወይም ረሃብ ይመስለዋል። የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ጭሱ ያለቀለት ፍምም፣ አመድ ለብሶ የጠፋ የሚመስለውም ጋዙን ያወጣል። ስለዚህ ከሰል በድንኳን፣ በካራቫን፣ በተዘጋ ክፍልም ውስጥ አይገባም። መስኮት ገርበብ ማድረግ በቂ መከላከያ አይደለም። ይህ በእንግሊዝ ካምፕ ሜዳ ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም በደብረ ብርሃንም ያው ነው።

ሁለት ኑዛዜ

ልጆቹ ከተኙ በኋላ በዚያች ጠባብ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ባለቤቴ «አላልኩሽም?» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ይህን የሚልበት ምክንያት ነበረው። ደወሉን የገዛው እሱ ነው፤ ሲገዛው ደግሞ «ይህ ገንዘብ ለልጆቹ ጃኬት አይሆንም ነበር?» ብዬ አፊዤበታለሁ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ የተናገረው ሌላ ነበር። «ዛሬ ጠዋት ማንደጃውን ሸራው ውስጥ አይቼዋለሁ። አደገኛ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልነግርሽም አስቤ ነበር። ግን አላነጋገርሽኝም፤ እኔም አልቀድምም ብዬ ወጣሁ።»

እኔም ተናዘዝኩ። ስለ ምጣዱ፣ ስለ ደወሉ፣ በሰው ፊት ስለ ተናገርኩት ክፉ ቃል ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱም «ዝም ብትዪ ይሻላል» ስላለኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። አልቅሰን ጸለይን። ሐዋርያው በኤፌሶን 4፥26 ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁጣን መተው እንደሚገባ ያስተማረውን ለስንት ሙሽሮች አስተምረናል! በእኛ ላይ ግን ፀሐይ ሁለት ጊዜ ጠልቃ፣ ሦስተኛውን ልትደግም ነበር።

ውድ ባለትዳሮች፣ ኩርፊያም እንደዚያ ጋዝ ነው። ጠብ ሲሆን ይጮኻል፤ ሰው ይሰማዋል፤ ሽማግሌ ይገላግላል። ኩርፊያ ግን ድምፅ የለውም። ቤቱ ሰላም ይመስላል፤ ልጆቹ ራሳቸውን ሲያማቸው ምን እንደሆነ አናውቅም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አንዱ ለሌላው ሊናገር የሚገባውን ማስጠንቀቂያ ያስቀርበታል።

የቀሩት አራት ቀናት

ከማክሰኞ ጀምሮ ዝናቡ አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣ ጀመር። እቅዳችንንም በልጆቹ ልክ አሳጠርነው። በቀን አንድ ነገር ብቻ! አንድ ቀን ከከተማዋ አጠገብ ባለው በደርዌንት ውኃ ሐይቅ ዳር ድንጋይ ስንወረውር ዋልን። ሌላ ቀን የእርሳስ ሙዚየሙን አየን፤ በአካባቢው ተራሮች ውስጥ የእርሳስ ማዕድን የተገኘው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። ከከተማዋ በላይ ያለውን ስኪዶ የሚባል ተራራ ከታች ሆነን አየነው። የእንግሊዝ ትልቁ ተራራ ስካፌል ፓይክ እንኳ 978 ሜትር ብቻ ነው። ባለቤቴ «አዲስ አበባ ራሷ ከዚህ በእጥፍ በላይ ከፍ ትላለች» ብሎ ሲነግራቸው ልጆቹ አላመኑትም።

ማታ ማታ አምስታችን ተጠጋግተን ስንተኛ ዝናቡ ጣራውን ሲመታ እንሰማለን። ትልቋ እንደ ቤታችን ክፍሏን ዘግታ አትተኛም፤ በጨለማ ውስጥ ጥያቄዋን ትጠይቃለች፤ አባቷም ይመልስላታል። ስልኩ በመሳቢያ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት የመጸዳጃውን ሣጥን ተሸክሞ ሊደፋ የሚሄደው እሱ ነበር። አንድ ቀን ልጄ ለእነዚያ ሽማግሌ ጎረቤቶቻችን በኩራት «አባቴ ፓስተር ነው፤ የእኛን ሽንት ቤትም የሚደፋው እሱ ነው» ስትላቸው ሰማሁ። ያን ማታ ለጠየቀችኝ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

በእስራኤል የዳስ በዓል ቤተሰቡ ሁሉ ለሰባት ቀን በዳስ እንዲቀመጥ የታዘዘው ልጆች አባቶቻቸው በምድረ በዳ እንዴት እንደኖሩ እንዲያውቁ ነበር (ዘሌዋውያን 23፥42-43)። ጠባብ ቤት ያስተምራል፤ እኛንም አስተምሮናል።

ለምትጓዙ ቤተሰቦች

በካራቫን ባይሆን እንኳ በሚኒባስ ወደ ዘመድ ቤትም ቢሆን ከትናንሽ ልጆች ጋር ለምትጓዙ ከተማርነው ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

1. መንገዱን ክፈሉት። በአንድ ቀን 12 ሰዓት ለልጅ ብዙ ነው። ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አደርን፤ ያለ ለቅሶም ለንደን ገባን።

2. ማን የትኛውን ልጅ እንደሚጠብቅ በስም ተከፋፈሉ። ዮሴፍና ማርያም ልጁ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ (ሉቃስ 2፥44)። ሁለት ወላጅ ባለበት አንዱ ሌላውን ሲተማመን ልጅ ይጠፋል።

3. ጭነቱን አብራችሁ ጫኑ። አንዱ ሳያውቅ ሌላው የሚጨምረው ነገር መንገድ ላይ ይገለጣል።

4. የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል ይኑራችሁ፤ ከመነሣታችሁ በፊትም ፈትሹት። ከጮኸ ባትሪ አታውጡ፤ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ እርዳታም ጥሩ። የካራቫኗን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች በጨርቅ አትድፈኑ።

5. እንጀራ ለሁለት ቀን፣ ደረቅ ነገር ለቀሪው ያዙ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ አይሻግቱም።

6. ከመነሣታችሁ በፊት ባልና ሚስት ተስማሙ፦ በመንገድ ላይ ብንጣላ ልጆቹ ሳይተኙ በፊት እንነጋገራለን። ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ አይነሣ፤ ያሰበ ይቅደም።

በዚህ ዓመት ለእረፍት መሄድ የማትችሉ ብትሆኑም ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። ቤታችሁ ውስጥ ከሰል የሚነድበትን ክፍል ተመልከቱ። ከዚያም ባልሽን፣ ሚስትህን «ልነግርሽ አስቤ፣ ልነግርህ አስቤ የተውኩት ነገር አለ» በሉና ንገሯቸው። እኛ ያን ሌሊት የተነጋገርነው በሆስፒታል ካለፍን በኋላ ነው። እናንተ ግን ከዚያ በፊት ተነጋገሩ።

ጌታ መውጣትና መግባታችሁን ይባርክ።